119 ለ 1፦ ኒውዚላንድ ጠመንጃ ከከለከለች በኋላ ምን ሆነ?

ስለ ጠመንጃ ሕግ ክርክር ሲነሳ የብዙዎቻችን ጆሮ አሜሪካ ላይ ነው። ዘመድ ወዳጃችን እዚያ አለ፣ ዜናውም ከዚያ ይመጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም የገበያ አዳራሽ ውስጥ ተኩስ ይከፈታል። ሰው ይሞታል፣ ሻማ ይበራል፣ ፖለቲከኞች ይነታረካሉ። ከዚያ ነገሩ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሃል "ለምን እንደ ኒውዚላንድ አያደርጉም?" የሚል ሰው አይጠፋም።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የታሪኩን የመጀመሪያ ወር ብቻ መሆኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 15 ቀን 2019 ነበር፣ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2011። ዓርብ ነው፣ የጁምዓ ሶላት ሰዓት። ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ አንድ አውስትራሊያዊ መጀመሪያ አል ኑር መስጊድ፣ ቀጥሎ ሊንዉድ የሚገኘው መስጊድ ገብቶ ሰጋጆች ላይ ተኮሰ። 51 ሰዎች ሞቱ። ግድያውን በፌስቡክ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ስሙን በአፋቸው እንደማይጠሩ ተናገሩ። እኔም አልጽፈውም።

አርደርን በማግስቱ ጠዋት ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የጠመንጃ ሕጋችን ይቀየራል አሉ። "ይጠናል" አላሉም፣ "ኮሚቴ ይቋቋማል" አላሉም። ሰኞ ካቢኔው በመርህ ደረጃ ተስማማ። ሐሙስ ዕለት አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች መግዛት የሚያግድ ጊዜያዊ ትእዛዝ ወጣ። ኤፕሪል 10 ቀን ፓርላማው ሕጉን በ119 ድምፅ ድጋፍና በ1 ድምፅ ተቃውሞ አጸደቀው። ከጥቃቱ እስከ ድምፁ 26 ቀን ነው።

ያቺ አንዲት የተቃውሞ ድምፅ የዴቪድ ሲሞር ነበረች። ኤሲቲ የሚባለው ትንሽ ፓርቲ መሪና በወቅቱ ብቸኛው የፓርላማ አባሉ ነበሩ። ረቂቁ በአስቸኳይ እንዳይታይ ሊያግዱ አስበው ነበር። ይሁንና ውጭ ቆመው ስለዚሁ ዕቅዳቸው ለጋዜጠኞች ሲያስረዱ ድምፁ ውስጥ አለፈ። ያን ሰሞን ብዙ ሰው ስቆባቸዋል። እኚህን ሰው ግን አትርሷቸው።

እንዲህ የፈጠነው ለምንድን ነው? "መሪዋ ቆራጥ ስለነበረች" የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ የአገሪቱ አወቃቀር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ጠመንጃ መያዝ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት አይደለም፤ በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ነው። ራስን መከላከል ለፈቃድ በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ፖሊሱ ራሱ በአዘቦት ቀን ሽጉጥ አይታጠቅም። ፓርላማው አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው፣ ያጸደቀውን ሕግ ፍርድ ቤት አይሽርበትም። ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ ናሽናል ደግሞ አብሮ ድምፅ ሰጠ።

ከአሜሪካ ጋር አስተያዩት። በ2012 መጨረሻ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ፣ በቀጣዩ ኤፕሪል ለሴኔቱ የቀረበው የገዢዎችን ማንነት የማጣራት ሐሳብ 54 ድምፅ አገኘ። አብላጫው ደግፎታል ማለት ነው። ግን በሴኔቱ አሠራር ለማለፍ የሚያስፈልገው 60 ስላልሞላ ወደቀ። ሐዘኑ እዚያም አላነሰም። በሩ ነው የጠበበው።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙም የማይወራ። ክልከላው የነካው ጥቂት ሰው ነበር። በጊዜው በአገሪቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርስ የጦር መሣሪያ እንዳለ ይገመት ነበር፣ ሕዝቡ ደግሞ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቀላል ቁጥር አይደለም። በእኛ ገጠር ጠመንጃ ክብር ነው፤ ይወረሳል፣ በሠርግ ይተኮሳል። የእነሱ ገበሬ ግን ጥንቸልና ፖሰም የሚባለውን ሰብልና ዛፍ አውዳሚ እንስሳ ለማጥፋት ነው የሚይዘው። አጋዘን ያድናል፣ በሜይ የዳክዬ አደን ወቅት ሲከፈት ሾትገኑን ይዞ ይወጣል። አዲሱ ሕግ አነስተኛ ካሊበሩን፣ እየተቀባበለ የሚተኮሰውን የአደን ጠመንጃና አብዛኛውን ሾትገን አልነካም። የወሰደው ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱን እያጎረሰ የሚተኩሰውን ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር ሳይቀር ደገፈው። ስለዚህ 119 የሚለው ቁጥር ሐዘንን ብቻ ሳይሆን ሒሳብንም ይዟል።

ቀጥሎ መልሶ መግዛት መጣ፤ መንግሥት የተከለከሉትን መሣሪያዎች ከባለቤቶቹ ይገዛል ማለት ነው። የመጀመሪያው ርክክብ በጁላይ 2019 እዚያው ክራይስትቸርች፣ ሪካርተን የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ተካሄደ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰውዬው ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል። ፖሊስ መሣሪያውን አይቶ ደረጃ ያወጣለታል። እንደ አዲስ ከሆነ የመነሻ ዋጋውን 95 በመቶ፣ ካረጀና ከተጎዳ 25 በመቶ ያገኛል። ገንዘቡ ወደ ባንክ ሒሳቡ ይገባል። መሣሪያው በሃይድሮሊክ ማሽን ተጨፍልቆ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። በዚያ በመጀመሪያው ቀን 169 ሰዎች 224 መሣሪያ አስረክበው ከ433,000 የኒውዚላንድ ዶላር በላይ ወሰዱ። ዲሴምበር ላይ ሲዘጋ ከ56,000 በላይ መሣሪያ ተሰብስቦ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል።

ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቅም የሚያሳዝንም የሚሆነው። ማንም አያውቅም ነበር። ለመንግሥት የተሠራው ግምት የተከለከሉት መሣሪያዎች ከ55,000 እስከ 240,000 ሊሆኑ ይችላሉ ይል ነበር። ይህ ግምት ነው ወይስ ሎተሪ? በታችኛው ቁጥር ከሄድን ሁሉም ገብቷል ማለት ነው። በላይኛው ከሄድን ሩቡ እንኳ አልሞላም። የመንግሥት ዋና ኦዲተርም ቆይቶ ባወጣው ሪፖርት ፖሊስን ለሥራው አመሰገነና ስንት መሣሪያ እንደቀረ ግን መናገር እንደማይቻል ጻፈ።

የማይታወቅበት ምክንያት አንድ ነው፤ መዝገብ አልነበረም።

አገሪቱ ድሮ መዝገብ ነበራት። ለአሥርተ ዓመታት እያንዳንዱ ጠመንጃ በወረቀት ይመዘገብ ነበር። ወረቀቱ በስህተት ተሞላ፣ ማስተካከሉም ውድ ሆነ። በ1983 የወጣው ሕግ ምዝገባውን ለአብዛኛው ጠመንጃ አስቀረውና "ሰውዬውን እንመርምር፣ መሣሪያውን እንተወው" የሚል መንገድ ያዘ። ፈቃድ ያለው ሰው አንድም ይግዛ ሃምሳ፣ የሚቆጥር የለም።

ከዚያ አራሞዓና መጣ። አራሞዓና ዳኒደን ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ናት። በኖቬምበር 1990 አንድ ነዋሪ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ መተኮስ ጀመረና 13 ሰው ገደለ። ያን ጊዜም ሕግ ተቀየረ። በ1992 ወታደራዊ መልክ ያላቸው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች "ኢ" የሚባል ልዩ ፈቃድ እንዲጠየቅባቸው ተደረገ። ታዲያ ወታደራዊ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከመስፈርቶቹ አንዱ የጥይት ካዝናው ትልቅነት ነበር። ትንሽ ካዝና ከተገጠመለት ያው ጠመንጃ ተራ ይባላል፣ "ኤ" የሚባለው ተራ ፈቃድ ይበቃዋል። ትልቁን ካዝና ለብቻው ለመግዛት ደግሞ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር።

ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጠመንጃውን በተራ ፈቃድ ትገዛለህ። ካዝናውን ያለምንም ፈቃድ በኢንተርኔት ታዛለህ። ሁለቱን ቤትህ ትገጥማለህ። የክራይስትቸርቹ ገዳይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ቀዳዳውን ያየ ሰው አልጠፋም። የቀድሞ ዳኛ ቶማስ ቶርፕ በ1997 መንግሥት አዟቸው ባቀረቡት ትልቅ ጥናት ምዝገባው እንዲመለስ መከሩ፤ መሣሪያዎቹም እንዲከለከሉ። ጊዜው አመቺ ይመስል ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጎረቤት አውስትራሊያ ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ተገድሎባት፣ በጆን ሃዋርድ መሪነት ክልከላውንም ምዝገባውንም በአንድ ላይ ወስና 650,000 ገደማ መሣሪያ ሰብስባለች። ኒውዚላንድ ግን የቶርፕን ጥናት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የፓርላማ ኮሚቴ ስለ ሕገ ወጥ መሣሪያ አጣርቶ 20 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። የወቅቱ የፖሊስ ሚኒስትር አብዛኞቹን አልተቀበሉም። የጠመንጃ ባለቤቶች በደብዳቤ፣ በስልክና በስብሰባ ጫና አድርገው ነበር። ያለ ሐዘን የቀረበ ሕግ እንዲህ ነው የሚሆነው። የሚቃወመው ወገን ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል፣ የሚደግፈው ሥራ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ለእኔ ከሁሉም በላይ ከባዱ ቦታ ይህ ነው።

የክራይስትቸርቹ ገዳይ ኒውዚላንድ የገባው በኦገስት 2017 ነው። በኖቬምበር ፈቃዱን ያዘ። ሦስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። አሠራሩ የሚጠይቀው አመልካቹን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ነው፣ አንደኛው የቤተሰብ ሰው መሆን አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰውን ጠባይ የሚያውቀው አብሮት የኖረ ነው። እሱ እህቱን አስመዘገበ። እህቱ አውስትራሊያ ናት። ፖሊስ ሌላ ሰው አምጣ አለው። ያመጣው በኢንተርኔት ጨዋታ የተዋወቀውን ጓደኛውንና የዚያን ጓደኛ ወላጅ ነው። ፖሊስ ሁለቱን አነጋገረ፣ እሱንም ቤቱ ሄዶ ጠየቀ። ፈቃዱ ተሰጠ።

በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ደግሞ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ ሲነካካ በስህተት ተተኩሶበት ተጎዳ። ሆስፒታል ሄዶ ታከመ። ማንም ለፖሊስ አልነገረም። ሆስፒታሉ ጥፋት አላጠፋም፣ ንገር የሚል ሕግ አልነበረምና። ጉዳዩን ያጣራው የሮያል ኮሚሽን በ2020 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ፖሊስ የፈቃድ አሰጣጡን በሚገባ አላስተዳደረም ብሎ ደመደመ። የጤና ባለሙያዎች የጥይት ጉዳት ሲያዩ እንዲያሳውቁም መከረ።

እዚህ ላይ የጠመንጃ ባለቤቶቹን ቅሬታ በቅንነት መስማት ያስፈልጋል። "ስህተቱ የፖሊስ፣ ቅጣቱ የእኛ" ነው የሚሉት። ሕግ አክብረው ዓመታት የኖሩ 250,000 ያህል ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አሉ። በአንድ ሌሊት የሚጠረጠሩ ሆኑ። ሕዝቡ በረቂቁ ላይ ሐሳብ እንዲሰጥ የተፈቀደለት ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነበር፤ በዚያች ጊዜ ወደ 13,000 አስተያየት መግባቱ ራሱ ይገርማል። ቅሬታቸው ከባዶ የተነሳ አይደለም። እኔ ግን ከዚህ ተነስቼ የምደርሰው እነሱ ወደሚደርሱበት አይደለም። ፖሊስ ሰውን በትክክል መመርመር ካልቻለ "ሰውዬውን እንመርምር፣ መሣሪያውን እንተወው" የሚለው ሕግ መሠረቱ ፈርሷል ማለት ነው። ሰውን በማየት ብቻ የማይሆን ከሆነ መሣሪያውንም መቁጠር ግድ ይሆናል።

መንግሥትም ይህን ሊያደርግ ተነሳ። ሁለተኛው ሕግ፣ መዝገቡን የመለሰው፣ በጁን 2020 ጸደቀ። 26 ቀን ሳይሆን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጀ። ናሽናል በዚህኛው አብሮ አልነበረም። በጊዜው መንግሥት ውስጥ የነበረው ኒውዚላንድ ፈርስት የሚባለው ፓርቲም፣ የገጠር ደጋፊዎቹን እያሰበ፣ ረቂቁን ሲያዘገየው ነበር። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ መዝገቡ ሥራ እስኪጀምር ሌላ ሦስት ዓመት ተጠበቀ፣ እስከ ጁን 2023።

ለምን ይህኛው ከበደ? ክልከላው የጥቂቶችን ጠመንጃ ወሰደ። መዝገቡ የማንንም አይወስድም፣ ግን የሁሉንም ቤት ያንኳኳል። አያቱ የተዉለትን አሮጌ ሾትገን የያዘው ገበሬም ተከታታይ ቁጥሩን መስጠት አለበት። "ዛሬ ይመዘግባሉ፣ ነገ ይወርሳሉ" የሚል ፍርሃት ደግሞ በየትኛውም አገር አለ። አሜሪካኖቹ እንዲያውም የፌዴራል መንግሥት አገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም በ1986 በሕግ አስረውታል።

መንግሥትም ለፍርሃቱ ማገዶ አቀበለ። መልሶ መግዛቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በዲሴምበር 2019፣ ባለቤቶች መሣሪያቸውን የሚያስመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ አንድ ነጋዴ የሰዎችን ስም፣ አድራሻና የባንክ ሒሳብ ጭምር ማየት እንደሚችል ተገኘ። ጠመንጃ ያለበትን ቤት አድራሻ ማለት እኮ ለሌባ የገበያ ዝርዝር ነው። ድረ ገጹ ወዲያው ተዘጋ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። ለመዝገቡ ተቃዋሚዎች ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም።

ተቃዋሚዎቹ ሌላም ነጥብ አላቸው። በጁላይ 2023 ኦክላንድ ውስጥ፣ የሴቶች የዓለም ዋንጫ በሚከፈትበት ዕለት፣ አንድ ሰው በሚሠራበት ሕንፃ ግንባታ ውስጥ ሁለት ሰዎችን ተኩሶ ገደለ። ፈቃድ አልነበረውም። "ወንጀለኛ ፈቃድ አያወጣም፣ አይመዘገብም፤ ታዲያ መዝገቡ ማንን ይይዛል?" ይላሉ። በመጀመሪያ ሲሰሙት ያሳምናል። ግን ወንጀለኛው ጠመንጃውን ከየት አገኘው? ብዙው መሣሪያ መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ በፈቃድ የተገዛ ነው። ወይ ይሰረቃል፣ ወይ ፈቃድ ያለው ሰው ደህና አድርጎ ገዝቶ ለወሮበላ ቡድን ይሸጠዋል። መዝገብ በሌለበት ይህ ሰው ሃምሳ ገዝቶ አርባ ዘጠኙን ቢሸጥ ማን ያውቅበታል? መዝገቡ የሚይዘው ይህን መሃል ላይ ያለውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ዴቪድ ሲሞር እንመለስ። በ2019 ብቻቸውን ነበሩ። በ2020 ምርጫ ፓርቲያቸው 10 መቀመጫ አገኘ። ከእነዚህ አንዷ ኒኮል መኪ ናቸው፣ ፈቃድ ያላቸው የጠመንጃ ባለቤቶች ምክር ቤት ቃል አቀባይ የነበሩት። በ2023 ምርጫ ፓርቲው 11 መቀመጫ ይዞ ከናሽናልና ከኒውዚላንድ ፈርስት ጋር መንግሥት መሠረተ። መኪ የጦር መሣሪያ ጉዳይን የያዙ ሚኒስትር ሆኑ። የ1983ቱን ሕግ ከሥሩ እንደገና መጻፍና መዝገቡን መገምገም በጥምረት ስምምነቱ ውስጥ ተጻፈ። በአራት ዓመት ከሚሳቅበት አንድ ሰው እስከ ሚኒስትር ወንበር ማለት ነው። ለዚህ ዕድገት ጠመንጃ ብቻውን ምክንያት አይደለም፣ ግን የተቆጡ ባለቤቶች የሚሄዱበት ቤት አግኝተው ነበር። አባልነት አላቸው፣ መዋጮ አላቸው፣ ትዕግሥት አላቸው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ያላቸው ሐዘን ነው። እነሱ መኖርም አለባቸው፤ በየምርጫው ተነስተው ቁስላቸውን እንዲያሳዩ መጠበቅ ግፍ ነው።

ይህም ሆኖ ክልከላው አልተነካም። በ2025 መጨረሻ ይፋ የሆነው አዲሱ ረቂቅ ከፊል አውቶማቲኮቹን አልመለሰም፣ መዝገቡንም አላጠፋም። ኤሲቲ በመዝገቡ ላይ ከአጋሮቹ ጋር አለመስማማቱን በይፋ አስመዝግቧል። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ይህ ነው። ሁሉም ያጨበጨበለት ክልከላ እንደ ተራራ ቆሟል። ያልተጨበጨበለት መዝገብ ግን በየዓመቱ ይቆማል ወይስ ይወድቃል እያሰኘ ነው።

ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መሣሪያቸውን አስመዝግበው እንዲጨርሱ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ኦገስት 31 ቀን 2028 ነው። አድራሻ የቀየረ፣ የገዛ ወይም የሸጠ ቀድሞ ይመዘገባል፣ ሌላው እስከዚያ ጊዜ አለው። ከዚያ በፊት በ2026 ምርጫ አለ። ኤሲቲ በበለጠ መቀመጫ ከተመለሰ መዝገቡ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ የአርደርን ፓርቲ ሌበር ከተመለሰ መሙላቱ ይቀጥላል። 2028 ሲደርስ መዝገቡ ሙሉ ከሆነ፣ አገሪቱ ስንት ጠመንጃ እንዳላት ከ1983 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በግምት ሳይሆን በቁጥር ታውቃለች።